ያለውን ቀምሰን እንጫወታለን

እንግዳ ሳህኑን አሟጦ ከበላ፣ አፉን በሶፍት ከጠረገና ወንበሩ ላይ ከተመቻቸ በኋላ «በል እንግዲህ የኔ ልጅ፣ እራቱን አቅርበው» ቢል ምን ተብሎ እንደሚመለስለት የሚያውቅ ካለ እንዲነግረኝ እለምናለሁ። የተበላው እራቱ ነበር። መኪና ስነዳ፣ ፀጉሬን ስታጠብ፣ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ተቀምጬ ሌሎች ስለ በጀት ሲከራከሩ፣ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር በአክስቴ ድምፅ፣ ያውም ማንንም ላለማስቀየም በተመጠነ ለስላሳ ድምፅ፣ እየተመላለሰች ታቃጥለኛለች።

አክስቴ እትዬ ከአዲስ አበባ፣ እኔ ወደምኖርባት አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ የመጡት ለአንዲት የዘመዳችን ልጅ ምረቃ ነው። ቅዳሜንና እሑድን ዘመድ ሁሉ እየተሻማ ሲጋብዛቸው ሰንብቶ ለእኔ የደረሰችኝ ማክሰኞ ማታ ነበረች። ማክሰኞ መሆኗ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ ማግስቱ ረቡዕ ነው፣ ረቡዕ ጾም ነው፣ ስለዚህ ማክሰኞ ማታ የሚቀርብ ገበታ በእትዬ ዘንድ ከባድ ኃላፊነት አለበት። እኔም ይህን ስለማውቅ አስቀድሜ ደውዬ «ምን ላዘጋጅልዎ?» ብዬ ጠይቄአለሁ። «ምንም እንዳትደክም የኔ ልጅ፣ ያለውን ቀምሰን እንጫወታለን» አሉኝ። እንዲህ የሚል ዘመድ ዶሮ እንደሚጠብቅ ከልጅነትህ ጀምሮ ልታውቅ ይገባሃል የሚሉኝ ወገኖች ይኖራሉ። እነዚህ ወገኖች ከሥራ ወጥተው፣ በ495 አውራ ጎዳና ላይ የፊት መኪናን የኋላ መብራት እያዩ፣ ቤት ሲደርሱ ቀይ ሽንኩርት ማቁላላት ስለመጀመር አስበው የሚያውቁ አይመስለኝም።

ስለዚህ ኞኪ የሚባለውን፣ በትንንሹ የተድቦለቦለ የጣልያኖች የድንች ምግብ ሠራሁ። ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር አንዲት ነጭ በነጭ የሆነ ኩሽና ያላት ሴት እየሣቀች «አንድ መጥበሻ፣ 20 ደቂቃ፣ ለ4 ሰው» ስትለኝ ከርማለች። እዚህ ላይ ከጉዳዩ ብዙ ሳልርቅ ስለዚህች ሴት ጥቂት መናገር እፈልጋለሁ። 20 ደቂቃው የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው? ቪዲዮው ሲጀምር ነጭ ሽንኩርቱ ተልጦና ተከትፎ፣ ስፒናቹ ታጥቦ፣ አይቡ ተፈቅፍቆ በትናንሽ የመስታወት ሳህኖች ተሰልፏል። ማን ላጠው? የእኔን ነጭ ሽንኩርት የሚልጥ ሰው ቤቴ ውስጥ የለም። «አንድ መጥበሻ» የተባለውም ቢሆን መክተፊያውን፣ ቢላውን፣ መፈቅፈቂያውን፣ ወንፊቱን፣ መለኪያ ኩባያውንና እነዚያኑ የመስታወት ሳህኖች እንደሌሉ ቆጥሮ ነው። «ለ4 ሰው» የሚለው ግን ከሁሉም ይብስብኛል። አንድ ፓኬት ኞኪ 454 ግራም ነው፤ ለአራት ሲካፈል ለነፍስ ወከፍ 113 ግራም ገደማ ይደርሳል። በሀገራችን ወግ ይህን ያህል ምግብ ለጎረቤት በልጅ ቢላክ ልጁ መንገድ ላይ ጨርሶት ባዶ ሳህን ይዞ ይደርሳል። እነዚያ አራት ሰዎች እነማን እንደሆኑ፣ ቀን ምን በልተው እንደዋሉ፣ ከዚያስ ማታ እንቅልፍ ወስዷቸው እንደሆነ የሚነግረን የለም።

ለእውነት ሲባል ግን ምግቡ ሠምሮልኝ ነበር። ከድንችና ከዱቄት የሚሠራውና በታሸገ ፓኬት የሚሸጠው ኞኪ አስቀድሞ በፋብሪካ የበሰለ ስለሆነ ቀቅሎ ማጠንፈፍ አያስፈልግም፤ የጋለ ዘይት ላይ ሳይደራረብ ይዘረጋና ዝም ይባላል። ዋናው ጥበብ ዝም ማለቱ ነው። ታችኛው ወገኑ ወርቃማ ሆኖ ከመክረሩ በፊት የነካካው ሰው ቅርፊቱን መጥበሻው ላይ ትቶ ልሙጡን ያነሣል። እኔ አልነካካሁም። ከዚያ የዶሮ ቋሊማና ነጭ ሽንኩርት ገባ፣ ጥቃቅኖቹ ቲማቲሞች ቆዳቸው እስኪፈነዳ ተጠበሱ፣ ግማሽ ኩባያ ያህል ውኃና ጥቂት ክሬም ተጨመረ፣ ከኞኪው የወጣው ስታርች መረቁን አወፈረው፣ በመጨረሻም ስፒናቹ ገብቶ ፓርሜዛኑ ተነሰነሰበት። መጥበሻውን እንዳለ ጠረጴዛው መካከል ሳስቀምጠው ጠርዙ ላይ ገና እየተንተከተከ ነበር። ሁለት ፓኬት ነበር የሠራሁት፤ ማለትም በዚያች ሴት ሒሳብ ለስምንት ሰው።

እትዬ ባርከው ተቀመጡ። በመጀመሪያ ቋሊማው የምን እንደሆነ ጠየቁ፤ የዶሮ ነው ብል በቃሌ ስላልረኩ ፓኬቱን ከቆሻሻ ቅርጫት አውጥቼ የዶሮዋን ሥዕል አሳየኋቸው። ከዚያ አንዱን ኞኪ በሹካ አነሡና አዩት፤ መልሰው አስቀመጡትና እኔን አዩኝ።

«ውስጡ ምን አለ?»

«ምንም የለም እትዬ፣ እንዲሁ ነው።»

«ምንም?»

«ምንም።»

መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አወጡ፤ ቢላ እንዳቀብላቸውም ጠየቁኝ። ኞኪውን ከመሐሉ ለሁለት ከፈሉና አንዱን ግማሽ በሹካ ጫፍ ወደ መብራቱ አንሥተው፣ ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብቶ የቀለበቱን ካራት እንደሚጠራጠር ሰው አገላብጠው መረመሩት። ቀጥሎ ሌላውን ግማሽ ተመለከቱ። ጥቂት ካሰቡ በኋላ «ይኼኛውን ረስተውት ይሆናል» አሉና ሁለተኛውን ከፈሉ። ሁለተኛውም እንደ ተነገራቸው ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛውን ሲከፍሉ እኔ ራሴ አንድ ነገር እንዲገኝበት በልቤ መለመን ጀምሬ ነበር፤ አንዲት ፍሬ ምስር ብትገኝ ኖሮ ሁላችንም በሰላም እንበላ ነበር። «ሳምቡሳ እንኳ ምስር አለው» አሉ ቀስ ብለው፣ ለእኔ ሳይሆን ለኞኪው። ከዚያም ግማሾቹን ሳህኑ ዳር ላይ፣ የተቆረጠው ወገን ወደ ላይ እንዲሆን አድርገው በሥርዓት ደረደሩና ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሡ።

ከዚህ በኋላ በእውነት ሁሉንም በሉ፤ አንድ እንኳ አላስተረፉም፣ «እጅህ ይባረክ» ማለታቸውንም መካድ አልችልም። ሶፍቱም፣ ወንበር ላይ መመቻቸቱም፣ ያቺ ዓረፍተ ነገርም የመጡት ቀጥለው ነው። እኔ ዝም ስል ሁኔታውን የተረዱት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ምንም ሳይናገሩ ተነሥተው፣ ነጠላቸውን አመቻችተው፣ ያንኑ መጥበሻ አጥበው፣ የሽሮ ጣሳዬን ያለ ጠቋሚ አግኝተው፣ ከማቀዝቀዣው ቅቤና እንጀራ አውጥተው ምድጃው ፊት ቆሙ። ኞኪውን ስጠብስ ትንፍሽ ያላለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ቀይ ሽንኩርቱ ገና መቅላት ሲጀምር ሕንፃውን በጩኸት አናወጠው፤ እኔ ወንበር ላይ ቆሜ በፎጣ ሳራግብለት እትዬ ወጡን ማማሰል አላቋረጡም። ሽሮው ቀረበ። አንድ መጥበሻ ብቻ ነበር፣ 20 ደቂቃም አልፈጀም፤ እንዲያውም ለአራት ሰው ይበቃ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠ ሽሮ በልቼ የማላውቅ መሆኑ ንዴቴን አባሰው።

ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዝም እል ነበር። ነገር ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለመተኛት መብራት በሚጠፋበት ሰዓት አዲስ አበባ ይነጋል፤ የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕም ከቁርስ በፊት ሥራ ይጀምራል። እትዬ ፎቶውን የላኩት «ልጃችን የሚበላው ይህን ነው» ከሚል አጭር የድምፅ መልእክት ጋር ነበር። በጡረታ ላይ ያለ አጎቴ ሊጥ መሆኑን፣ ያውም በደንብ ያልበሰለ ሊጥ መሆኑን ያለ ምንም ማመንታት አረጋገጠ። አንዷ የአጎት ልጅ ሳሙና መስሏት እንደነበር ጻፈች። ሌላው ፎቶውን አጉልቶ፣ በአንደኛው ግማሽ መሐል ላይ በቀይ ቀለም ክብ አስምሮ «እዚህ ጋ ጥቁር ነገር ይታየኛል» በማለት መለሰው፤ ይህም የስፒናች ቅጠል ነው፣ ጥላ ነው፣ የእትዬ የነጠላ ጥለት ነጸብራቅ ነው የሚል የረዘመ ክርክር አስነሣ። ከሳምንት ሳምንት «እንደምን አደራችሁ» የሚል የአበባ ሥዕል ብቻ የሚልኩ የሩቅ ዘመድ ሳይቀሩ ወጥተው አስተያየት ሰጡ። አንዲት ሌላ አክስቴ ኞኪውን ትታ «ግን ብቻውን ነው የሚበላው?» ብላ ጠየቀች፤ ይህን ጥያቄ አይቼ እንዳላየሁ አልፌዋለሁ። በመጨረሻ ከወጣቶቹ አንዱ የድምፅ መስጫ ከፈተ፤ ምርጫዎቹም ሊጥ፣ ድንችና መድኃኒት የሚሉ ነበሩ። ሊጥ በሰፊ ልዩነት አሸነፈ፣ መድኃኒትም የራሱ ደጋፊዎች ነበሩት፤ ለድንች ድምፅ የሰጠሁት እኔ ብቻ ነኝ።

እንቅልፌን ትቼ ረጅም መከላከያ ጻፍኩ። በሮም ከተማ ሐሙስ የኞኪ ቀን ተብሎ እንደሚታወቅ፣ በቬሮና ደግሞ በካርኒቫሉ ዓርብ የኞኪ አባት የሚባል ባለ ጺም ሹም በትልቅ ሹካ ላይ ኞኪ ሰክቶ በአደባባይ እየዞረ እንደሚከበርና ማንም ቢላ ይዞ ኞኪውን ሊከፍልበት እንደማይቃጣ አስረዳሁ። ድንችም ቢሆን ለእኛ ባዕድ እንዳልሆነ፣ ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1858 ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባው ጠቀስኩ። ከሁሉም በላይ ግን የሚያንገበግበኝን አነሣሁ፤ ከጣልያን የመጣውን ፓስታ ያለ ጥያቄ ተቀብሎ፣ አልፎም በእንጀራ ጠቅልሎ የሚበላ ቤተሰብ፣ ለበዓል ላዛኛ የሚጋግር ቤተሰብ፣ ኞኪ ላይ ሲደርስ ፍተሻ የሚጀምረው በምን ሕግ ነው? የመኮሮኒስ ውስጥ ምን አለበት? መኮሮኒ እኮ ባዶ ብቻ አይደለም፤ ባዶነቱ ሆን ተብሎ፣ በመሣሪያ የተበሳ ነው! ይህን ሁሉ ስጽፍ ከእትዬ ጋር የነበረኝን የመከባበር ወሰን ላለመጣስ እጅግ ተጠንቅቄአለሁ።

የመጣልኝ መልስ አንድ የአውራ ጣት ምልክትና ከአጎቴ የተላከ አንድ መስመር ነበር፦ «ድንቹ ከመጣ ይህን ያህል ዘመን ከሆነው ታዲያ ለምን ቀቅለህ አትበላውም?»

እትዬ ሀገራቸው ከተመለሱ ጥቂት ቆይቶ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ከአዲስ አበባ የገባ መንገደኛ ነበር፤ ከቤተሰብ የተላከ ዕቃ ይዞልኛል። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ካለ አንድ ሱቅ ፊት ለፊት፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተገናኘን። በቡናማ ፕላስተር የተጠቀለለውን ካርቶን ለማንሣት ሁለታችንም ጎንበስ አልን፤ በሶ፣ በርበሬ፣ ምጥን ሽሮና ዳቦ ቆሎ መሆኑን ገና ሳልከፍተው ሽታው ነገረኝ። ሰውየው ከተፈቀደለት የሻንጣ ክብደት ላይ ይህን ያህል ኪሎ ለእኔ ማዋሉ አሳፍሮኝ ደጋግሜ ሳመሰግነው፣ እሱ ግን ከእግር እስከ ራሴ በጥንቃቄ ያየኝ ነበር።

«ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ፎቶውን አሳይተውኝ ነበር» አለኝ። «እውነት ግን ውስጡ ምንም የለውም?»

ድንች መሆኑን ነገርኩት፤ ሐሙስንና ሮምንም ልጨምርለት አፌን ስከፍት አላስጨረሰኝም። አንገቱን ነቅንቆ የመኪናውን የኋላ ክዳን እንደ ገና ከፈተና ከገዛ ሻንጣው ውስጥ እናቱ ለእሱ የቋጠሩለትን ዳቦ ቆሎ አውጥቶ ካርቶኔ ላይ ደረበልኝ። አይሆንም ብዬ ብግደረደር በጄ አላለም።