ትሮይ ኩሊ፦ ከታዝማኒያ ቦውለርነት እስከ አሠልጣኝነት፣ ለተለማማጆች የሚጠቅመው

የክሪኬት ፈጣን ቦውሊንግ (ኳሱን ወደ መቺው መወርወር) ለምትለማመዱና ለምታሠለጥኑ፣ የትሮይ ኩሊ መንገድ ጥሩ መነሻ ነው። ኩሊ እ.ኤ.አ. በ1965 በላንስስተን ተወልዶ ለአውስትራሊያዋ ክፍለ ግዛት ለታዝማኒያ ተጫውቷል፤ ለአውስትራሊያ ብሔራዊ ቡድን ግን አንድም ጨዋታ አላደረገም። ስሙ የወጣው የእንግሊዝ የቦውሊንግ አሠልጣኝ ሳለ ነው። በ2005 እንግሊዝ አሽስን (ከአውስትራሊያ ጋር የምታደርገውን ተከታታይ ውድድር) ከ18 ዓመት በኋላ 2 ለ 1 ስትወስድ ቦውለሮቿ ፍሊንቶፍ 24፣ ሳይመን ጆንስ 18፣ ሃርሚሰን 17፣ ሆጋርድ 16 ዊኬት አገኙ (ይህን ያህል መቺ ከጨዋታ አስወጡ ማለት ነው)። የአራቱ አወራወር ፈጽሞ አይመሳሰልም፤ አንዱን ቅርጽ ለሁሉም ለማልበስ የሚቸኩል አሠልጣኝ ይህን ቢያስተውል ይበጀዋል። በ2006 አውስትራሊያ ኩሊን ወሰደችውና ቀጣዩን አሽስ 5 ለ 0 አሸነፈች (እንደ ዋርንና ማክግራ ያሉ ታላላቅ ቦውለሮች ላሉበት ቡድን ድሉን ለአሠልጣኙ መስጠት ግን ይከብዳል)።

ሳይነካ የማይታለፈው ወገብ ነው። ስልካችሁን ከቦውለሩ ኋላ አቁሙና በዝግታ ቅረጹ። የኋላ እግር መሬት ሲነካ ምስሉን አቁማችሁ ዳሌና ትከሻ ወዴት እንደዞሩ እዩ። ሁለቱም ወደ ጎን ወይም ሁለቱም ወደ መቺው ቢዞሩ ችግር የለም። ዳሌው ወደ መቺው ዞሮ ትከሻው ወደ ጎን ከሄደ፣ ወይም እግሩ ካረፈ በኋላ ትከሻው ከ30 ዲግሪ በላይ ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ አከርካሪው ይጠመዘዛል። በዚያው ቅጽበት የፊት እግር ከሰውነት ክብደት ብዙ እጥፍ ጫና ይቀበላል። ውጤቱ የታችኛው አከርካሪ ስንጥቅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሚወረውረው እጅ በተቃራኒ በኩል። ወደ ኋላ ሲለጠጥ በአንድ ጎን የሚያም ወገብ ካለ ልምምዱ ይቁምና ሐኪም ይየው። በማሸት የሚድን አይደለም።

መጠንም አለው። በእንግሊዝ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት መመሪያ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ በተከታታይ 5፣ በቀን 10 ኦቨር (አንዱ ኦቨር ስድስት ኳስ ነው) ይፈቅዳል። የልምምድ ኳስም ይቆጠራል፤ ብዙዎች የሚረሱት ይህን ነው።

ኖ ቦል (የፊት እግር መስመሩን አልፎ የሚጣል ሕገወጥ ኳስ) የሚበዛበት ቦውለር ችግሩ መስመሩ ጋ ሳይሆን የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ነው። መስመር በሌለበት ሣር ላይ በሙሉ ፍጥነት ደጋግሞ ይሩጥ፤ የፊት እግሩ የሚያርፍበትን ጓደኛው ምልክት ያድርግ። ርቀቱ በሜትር ተለክቶ ይያዝ፤ ነፋስ ከኋላ ሲገፋ መነሻው ትንሽ ወደ ኋላ ይሸሻል። በልምምድም መስመሩ ከዊኬቱ (ከቆሙት እንጨቶች) 1.22 ሜትር ላይ ይሰመር።

ሪቨርስ ስዊንግ (ያረጀ ኳስ በአየር ላይ እንዲታጠፍ ማድረግ) ደግሞ የሙሉ ቡድን ሥራ ነው። አንዱ ጎን ያብለጨልጫል፣ ሌላው ሻካራና ደረቅ ይሆናል፤ ያረጀ ኳስ በከፍተኛ ፍጥነት ሲወረወር ወደሚያብለጨልጨው ጎን ይታጠፋል። ምራቅ በዓለም አቀፍ ጨዋታ ከ2020 ወዲህ ስለተከለከለ የቀረው ላብ ነው። ላቡ ወደ ሻካራው ጎን ከተሻገረ ድካሙ ይበላሻል፤ ስለዚህ የሚያሸው አንድ ሰው ይመደብ፣ ሌሎቹ ኳሱን በስፌቱ ብቻ ይዘው ያቀብሉት።