የሚታጠፍ ስልክ አምሮኛል

ከሰሞኑ ልቤ አልረጋም። ክረምቱ ይሁን የሥራው መደራረብ ለይቼ መናገር አልችልም፤ ብቻ የያዝኩትን ሳልጨርስ ወደ ሌላው እሄዳለሁ። ዛሬ ጠዋት ባንክ ቤት ወረፋ ስጠብቅ ከጎኔ የተቀመጠች ወጣት በስልክ ስታወራ ቆየችና «በቃ፣ ማታ እንገናኝ» ብላ ስልኳን አጠፈችው። ቀጭ አለ። ያ ድምፅ ውስጤ ገባ።

እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰማሁ ስንት ዘመን ሆነኝ! አጎቴ ቀጭኗን የሞቶሮላ ሬዘር የያዘበት ጊዜ ትዝ አለኝ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣችውን። ነገሩን ሲጨርስ በአንድ እጁ ይከድናትና ወደ ሸሚዙ ኪስ ይከታታል። ከዚያ በኋላ አጎቴ ሙሉ በሙሉ የእኛ ነበር። አሁን ጥሪ የሚዘጋው ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ቀይ ክብ በመንካት ነው። ጥሪው አልቆም መስታወቱ እንደበራ ነው፤ ሌላ መልእክት፣ ሌላ ዜና፣ ሌላ ፎቶ ደርድሮ ይጠብቃል። የሚከደን ነገር መልካም ነው። ሰው እዚህ ላይ አበቃሁ የሚልበት ነገር ያስፈልገዋል።

ከባንክ ወጥቼም ሐሳቤ እዚያው ቀረ፤ እስከ አሁን አለቀቀኝም። ስለዚህ ልጻፈው፦ የሚታጠፍ ስልክ አምሮኛል። ሊያምረኝ ይገባ እንደሆነ ነው ያልገባኝ።

ያማረኝ ግን የወጣቷ ዓይነት አይደለም። የእሷ ከላይ ወደ ታች የሚታጠፍ ነው፤ ሲዘረጋ እንደማንኛውም ስልክ ይሆናል፣ ሲታጠፍ ኪስ ውስጥ ቦታ ይቆጥባል። ለቦርሳዬ ቦታ አልቸገረኝም። የእኔ ምኞት እንደ መጽሐፍ ከመሐሉ የሚከፈተው ነው፤ ሲከፈት ገጽ የሚሆነው።

እንደምታውቁት ውሎዬ ከረቂቅ ጋር ነው። የሰው ጽሑፍ አርማለሁ፣ እንጀራዬ እሱ ነው። ቢሮ ባለው ኮምፒውተር የማያልቀው ታክሲ ውስጥ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ፣ ማታ አልጋ ላይ በስልክ ይቀጥላል። ለኅትመት የተሰናዳ ገጽ በፒዲኤፍ ይላክልኛል። ስከፍተው ሙሉው ገጽ ስልኬ ላይ ይታያል፤ ፊደሉ ግን አይነበብም። በሁለት ጣቴ አሰፋዋለሁ። አሁን ፊደሉ ይነበባል፤ የመስመሩ ግማሽ ግን ከስክሪኑ ወጥቷል። እያንዳንዱን መስመር ወደ ግራ ስቤ ጨርሼ፣ ወደ ቀኝ መልሼ፣ ቀጣዩን እጀምራለሁ። ስመልስ መስመር እዘላለሁ። የዘለልኩት መስመር ላይ ደግሞ ስህተቱ ተደብቆ ይቀራል።

የእኛ ፊደል ደግሞ ለትንሽ ስክሪን አይመችም። ሪ እና ሬ የሚለያዩት በእግራቸው ጫፍ ባለች ምልክት ነው፤ አንዱ ጭረት አለው፣ ሌላው ቀለበት። ገጹ ሲጠብ ቀለበቱ ይደፈንና ጭረት ይመስላል። «ዘሪ» ተብሎ የተጻፈው «ዘሬ» ሆኖ ቢያልፍ ዐረፍተ ነገሩ ሌላ ነገር ያወራል፤ ደራሲውም የሚወቅሰው እኔን ነው። በላቲን ፊደል የሚያነቡ ሰዎች ስድስት ኢንች ስክሪን በቂ ነው ሲሉ እሰማለሁ። ለእነሱ በቂ ይሆናል። ለእኛ ሁልጊዜ አይበቃም፤ ዕድሜዬ አርባን ከተሻገረ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ብሷል።

ስለዚህ ማታ ልኬቱን ፈለግሁ። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው ጋላክሲ ዜድ ፎልድ 7 ሲዘረጋ ወርዱ 14 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ኤ5 የሚባለው የመጽሐፍ ገጽ ወርዱ 14.8 ሴንቲሜትር ነው። ልቤ ዘለለ! አንድ ሙሉ መስመር፣ ሳይሳብና ሳይመለስ፣ በትክክለኛ መጠኑ ማለት ይቻላል። ቁመቱ ግን 16 ሴንቲሜትር ስለማይሞላ የገጹ ታች ይቀራል፤ ወደ ላይ መግፋት ብቻ ነው፣ እሱ ቀላል ነው። ክብደቱ 215 ግራም፣ ተዘርግቶ ውፍረቱ 4.2 ሚሊሜትር። ይህን ያህል የቀጠነ ነገር ሁለት ገጽ ሆኖ እጅ ላይ ሲያርፍ በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት።

አጀማመሩ ግን እንዲህ የተሳካ አልነበረም። የመጀመሪያው ጋላክሲ ፎልድ እ.ኤ.አ. በ2019 የካቲት ወር ሲተዋወቅ ዋጋው 1,980 ዶላር ነበር፤ በሚያዝያ ሊሸጥ ቀን ተቆርጦለት ነበር። ከሽያጩ በፊት ለጋዜጠኞች የተሰጡት ስልኮች በጥቂት ቀናት ተበላሹ። አንዳንዶቹ ላዩ ላይ የነበረውን ስስ ላስቲክ የማሸጊያ መስሏቸው ላጡት፤ ለካ የስክሪኑ አካል ኖሯል። ሌሎቹ ምንም ሳይልጡ መታጠፊያው በኩል ጠጣር ነገር ገብቶ ስክሪኑን ከሥር ገፋው። ሽያጩ ወደ መስከረም ተሸጋገረ። በዓመቱ የፕላስቲኩን ቦታ መስታወት ያዘ፤ ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትር ያህል የሆነ፣ ከፀጉር የቀጠነ። ከላዩ ግን ዛሬም ላስቲክ ለብሷል፤ ጣት የሚነካው ላስቲኩን ነው።

መሐሉ ላይ ያለው ሰርጓዳ መስመር የሚመጣውም ከዚህ ነው። ስክሪኑ አንድ ነገር አይደለም፣ በለስላሳ ማጣበቂያ የተደራረቡ ስሶች ናቸው። ሲታጠፍ ከውስጥ ያለው ይጨመቃል፣ ከውጭ ያለው ይለጠጣል፣ በመሐል ያሉት አንዱ ባንዱ ላይ ይንሸራተታሉ። አንድ ቦታ ላይ ተደጋግሞ ሲታጠፍ ቦታው ትዝታ ይይዛል። ማጠፊያው ተሻሽሎ ስክሪኑ በሰፊው ክብ እንዲጎብጥ ስለተደረገ መስመሩ ከዓመት ዓመት እየደበዘዘ መጥቷል፤ ፈጽሞ አልጠፋም።

እዚህ ላይ ስደርስ ሐሳቤ ከስልኩ ወጥቶ ሄደ። ሰው የሚታጠፍ ነገር መሥራት የጀመረው ትናንት አይደለም። የእኛ አባቶች ሰንሱል የሚባል የብራና ሥራ ነበራቸው፦ ረጅም ብራና እንደ አኮርዲዮን ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ በመዳፍ የሚያዝ ትንሽ ነገር ይሆናል፤ ሲዘረጋ ቅዱሳኑ ተራ በተራ ይወጣሉ። አሜሪካ ባልቲሞር በሚገኘው ዋልተርስ ሙዚየም ደግሞ ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተረፈ፣ ተዘርግቶ ክብ የሚሆን ታላቅ የብራና ማራገቢያ አለ። እመቤታችንና ቅዱሳኑ በየክፍላቸው ቆመዋል። ፎቶውን ዛሬ ማታ ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር ሥዕሉ በእጥፋት እና በእጥፋት መካከል ማረፉን ነው። ሠዓሊው ፊት ሲሥል እጥፋቱ በፊቱ መሐል እንዲያልፍ አላደረገም። ብራናው ደግሞ በየክፍሉ ሙሉ ቁመና የሚይዝ ሰፊ ነው።

መጽሐፍም እንዲሁ ነው። ሁለት ገጽ በተሰፋበት መሐል ማንም አይጽፍም፤ ባዶ ኅዳግ ይተዋል። የግዕዝ ብራናዎቻችን በሁለት ዓምድ ሲጻፉ በዓምዶቹ መካከልም ክፍት ቦታ አለ። የአጎቴ ሬዘርም ማጠፊያዋ ከስክሪኑ በታች፣ ከቁጥሮቹ በላይ ነበር። እጥፋት ያለበትን ቦታ ሁሉም ባዶ ትቶታል። የዛሬው ስልክ ብቻ ነው ጽሑፉን እጥፋቱ ላይ የጻፈው። ለዚህ ነው ይህን ያህል ድካም፣ ይህን ያህል ገንዘብና ይህን ያህል መሰበር ያስፈለገው ብዬ አምናለሁ።

ሌላ መንገድ የሞከረ ነበር። ማይክሮሶፍት በ2020 ሰርፌስ ዱኦ የተባለውን በ1,399 ዶላር አወጣ፦ ሁለት እውነተኛ መስታወት ስክሪኖች፣ መሐላቸው ማጠፊያ፣ ማጠፊያው ላይ ምንም የለም። ልክ እንደ መጽሐፍ። በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛውን አወጣ፣ ከዚያ ሦስተኛ አልመጣም። እጅግ ያሳዝነኛል። ለሚያነብ ሰው የተሠራ ሐሳብ ነበር፤ ገበያው ግን ፊልም የሚያይበት ያልተቆረጠ አንድ ሰፊ ስክሪን ፈለገ። ሁዋዌ በ2024 መስከረም ሦስት ቦታ የሚከፈለውንና ሁለት ጊዜ የሚታጠፈውን ሜት ኤክስ ቲ ሲያወጣ ዋጋው ከ19,999 ዩዋን ይጀምር ነበር። አስታጣጠፉን ሳየው ሰንሱል ነው አልኩ። አሁንም ግን ሥዕሉ እጥፋቶቹ ላይ ነው።

ባለፈው የእናቴን ስልክ ላሠራ የሄድኩበት ጠጋኝ ጠረጴዛ ላይ አንድ የሚታጠፍ ስልክ ተከፍቶ ተኝቶ ነበር። ጠጋኙ ዓይኑ ላይ ማጉያ አድርጎ በቀጭን ብሩሽ የማጠፊያውን ጥርሶች ይጠርግ ነበር፤ ከጥርሶቹ መሐል የሚወጣው የአዲስ አበባ አቧራ ነው፣ ቡናማና የላመ። ስክሪኑ በመታጠፊያው ልክ ከላይ እስከ ታች አንድ ጥቁር መስመር ወርዶበታል፤ ከጥቁሩ ግራና ቀኝ አረንጓዴ ክሮች ይንቀጠቀጣሉ። ወድቆ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «አልወደቀም እህቴ፣ አንድ ቀን ጠዋት ሲከፍተው እንዲህ ሆነ ነው የሚለው» አለኝ። ይጠገናል ወይ ስለው ብሩሹን አስቀመጠ። የውጭውን፣ ስልኩ ተከድኖ ሳለ የሚታየውን ስክሪን በአንድ ቀን ይቀይራል፤ የውስጡን ግን ከዱባይ ማስመጣት ነው፤ ዋጋውን ሲነግሯቸው አብዛኞቹ ባለቤቶች ስልኩን ይዘው ይመለሳሉ። «በውጭው ብቻ እየተጠቀሙ ይኖራሉ» አለ። ይህ ከሁሉም በላይ ልቤን ነካው። ለውስጡ ብሎ የገዛ ሰው ከውጭው ጋር ብቻ ሲቀር።

አምራቹ ፍትሐዊ ግምት ይገባዋል። የቀድሞዎቹ 200 ሺህ ጊዜ ለመታጠፍ የተፈተኑ ናቸው፤ በቀን መቶ ጊዜ ቢከፈቱ አምስት ዓመት ተኩል ይሆናል። የፎልድ 7 ስክሪን ፈተና ወደ 500 ሺህ አድጓል። ከ2021 ወዲህ ያሉት ውኃም ይችላሉ። ነገር ግን ፈተናው በንጹሕ ክፍል ውስጥ በማሽን የሚደረግ ነው። እኛ የምንኖረው መንገድ በሚቆፈርበት ከተማ ነው።

እና ዋጋው። ፎልድ 7 አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ መነሻ ዋጋው 1,999 ዶላር ነበር። ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም ሳለ፣ ማለትም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት፣ 114 ሺህ ብር ያህል ነበር የሚሆነው። ዛሬ ከእጥፍ በላይ ነው። በእኔ ደመወዝ የሚታሰብ ስላልሆነ አላሰብኩትም።

ያሳሰበኝ እትዬ ናት። ለእንቁጣጣሽ ከቨርጂኒያ ትመጣለች፤ እናቴ ስልኬ ማርጀቱን ነግራታለች መሰለኝ፣ «የትኛውን ስልክ ላምጣልሽ? እንዳትሳቀቂ፣ የምትፈልጊውን ንገሪኝ» ብላ ጽፋለች። እውነቱን የምትፈልግ ሰው ናት፤ ምንም አልፈልግም ብላት ትቀየመኛለች። እሷ ግን ሌሊት አረጋውያን ስትጠብቅ ነው የምታድረው። በሰዓት 15 ዶላር ቢከፈላት እንኳ ያ ስልክ 133 ሰዓት ነው፤ ግብር ሳይቆረጥ 17 ሌሊት ያህል። ሰው አልጋ እያገላበጠች፣ መድኃኒት እየሰጠች፣ ወገቧን እየያዘች ያደረችው ሌሊት። እዚህ ያለን ሰዎች ይህን ሒሳብ አንሠራም። ከአውሮፕላን የወረደ ዕቃ ዋጋ የሌለው ይመስለናል። መሥራት አለብን ብዬ አምናለሁ፤ ስጦታውን ለመከልከል ሳይሆን የምንቀበለው ምን እንደሆነ ለማወቅ።

በ349 ዶላር የሚሸጥ ታብሌት ገጹን ከነሙሉ ቁመቱ ያሳየኛል፣ አይታጠፍም፣ አቧራ የሚገባበት ጥርስ የለውም። ሥራዬን በሙሉ ይሠራልኛል። እሱን ብጠይቃት ትገዛልኛለች፣ ደስም ይለኛል። ታክሲ ውስጥ ግን አላወጣውም፤ ሰው ሁሉ የሚያየው ነገር ነው፣ መስኮት ዳር ተቀምጬ ታብሌት መዘርጋት ድፍረት የለኝም። ስለዚህ ቤት ይቀራል፤ መንገድ ላይ ደግሞ መስመር መሳብና መመለስ ይቀጥላል። ምኞቴን መሠረት የለውም ብዬ መጣል ያልቻልኩት ለዚህ ነው። አምሮቱ የታይታ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ እተወው ነበር። እኔ ግን አንድ ሙሉ መስመር ማንበብ ነው የፈለግሁት።

ለእትዬ እስከ አሁን አልመለስኩላትም። ከመመለሴ በፊት ይህን የምታነቡ፣ እንደ መጽሐፍ የሚከፈተውን ስልክ ዓመትና ከዚያ በላይ የያዛችሁ ካላችሁ ልጠይቃችሁ፦ ረጅም ጽሑፍ ስታነቡ ያ የመሐሉ መስመር ከዓይናችሁ ይጠፋል ወይስ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር መሐል ላይ ይታያችኋል? እዚህ አገር አቧራ ውስጥስ ስንት ክረምት ቆየላችሁ?