ከሥር አፈር፣ ከላይ አፈር፦ ፕራግ ያየሁት የአይሁድ መቃብር

ፕራግ ሁለቴ ሄጃለሁ። ሁለቴም እንደ ሁሉም ሰው ድልድዩንና ትልቁን ሰዓት አይቼ ተመለስኩ። ዘንድሮ ግን ከድሬስደን አውቶቡስ ይዤ እንደደረስኩ ቀጥታ ወደ ዮሴፎቭ፣ ወደ ድሮው የአይሁድ ሰፈር ሄድኩ። እዚያ ያለውን አሮጌ የአይሁድ መቃብር ለማየት። (ለመሄድ ካሰባችሁ መቃብሩ ቅዳሜ ዝግ ነው፤ ሰንበታቸው ነው።)

የመቃብሩ ግቢ ከውጭው መንገድ ከፍ ብሏል። 12,000 ገደማ የመቃብር ድንጋይ አለበት። አንዱ አንዱን ተደግፏል፣ ሌላው እስከ ወገቡ ተቀብሯል፣ ሌላው ደግሞ ልወድቅ ነው ይላል። የተረሳ ቦታ መስሎኝ መጀመሪያ ከፋኝ።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። በአይሁድ ሕግ የተቀበረን ሰው እንዲሁ ማንሳት አይፈቀድም። ሰፈሩ ደግሞ ጠባብ ነበር፣ መቃብሩን የሚያሰፉበት ቦታ አልነበራቸውም። ስለዚህ ሲሞላባቸው አፈር አምጥተው በአሮጌው መቃብር ላይ ይደለድላሉ፣ የታችኞቹን ድንጋዮች ወደ ላይ አውጥተው እንደገና ያቆማሉ፣ አዲሱን ሟች ከነሱ በላይ ይቀብራሉ። አንዳንዱ ጋ እስከ 12 ድርብ ይደርሳል ይባላል። እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። እኛ ጋ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲሞላ አጽም ይነሳና ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የአያቴ አጽም የተነሳ ቀን እናቴ እንደ አዲስ ስታለቅስ ትዝ አለኝና ብዙ ቆምኩ።

የመጀመሪያው ድንጋይ የረቢ አቪግዶር ካራ ነው፣ 1439 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዋናው ድንጋይ የአይሁድ ሙዚየም ገብቷል፤ ውጭ የቆመው ቅጂው ነው። መጨረሻ የተቀበረው ሰው በ1787 ነው። ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ ሁለተኛ ከተማ ውስጥ መቅበርን ስለከለከለ ከዚያ ወዲህ ማንም አልተቀበረም።

በጣም የወደድኩት የዳዊት ጋንስን ድንጋይ ነው። በ1613 ያረፈ የታሪክና የከዋክብት ሊቅ ነው። ድንጋዩ ላይ ዝይ ተቀርጿል፣ ጋንስ ማለት በጀርመንኛ ዝይ ነዋ! የካህናት ዘር ከሆነ ሁለት የተዘረጉ እጆች፣ ልብስ ሰፊ ከሆነ መቀስ ይቀረጽለታል። በ1609 ያረፉት የታላቁ ረቢ ሌቭ መቃብር ላይ ደግሞ እንደ ስማቸው ትርጉም አንበሳ አለ። ሰው እዚያ ጠጠርና የታጠፈ ወረቀት ጣል አድርጎ ይሄዳል፤ ስለት መሆኑ ነው።

አሮጌው የአሸዋ ድንጋይ እየተፈረፈረ ነው። ፊደሉን በጣት ብትነኩት የሚረግፍ ይመስላል። ለዚህ ነው ጎብኚ ከተከለለው መንገድ እንዳይወጣ የሚደረገው፣ ሙዚየሙም ድንጋዮቹን በየተራ የሚጠግነው።

አንጀቴን የበላኝ ግን ሌላ ነው። በ2020 እዚያው ፕራግ መሃል፣ ቬንስስላስ አደባባይ አጠገብ የእግረኛ መንገድ ሲታደስ፣ ንጣፉ ሲገለበጥ ከሥሩ የዕብራይስጥ ፊደል ወጣ። በ1980ዎቹ፣ በኮሚኒስቶቹ ጊዜ፣ ከሌሎች የአይሁድ መቃብሮች የተወሰዱ ሐውልቶች ተቆራርጠው መንገድ ተነጥፎባቸው ነበር። ስምም ዓመተ ምሕረትም ፊቱን ወደ አፈር አዙሮ፣ ሰው ከ30 ዓመት በላይ ሲረግጠው ኖሯል። የተገኙት ድንጋዮች ለአይሁድ ማኅበረሰቡ ተመልሰው አሁን ዢዥኮቭ በሚባለው ሰፈር፣ በሌላ አሮጌ መቃብራቸው ውስጥ መታሰቢያ ተሠርቶባቸዋል።

ማታ ወደ አውቶቡሱ ስመለስ በዚያው አደባባይ አለፍኩ። አንገቴን ደፍቼ፣ የምረግጠውን ድንጋይ አንድ በአንድ እያየሁ።