«ስፒከሩ ሞቷል» ሲሏችሁ ቶሎ አትመኑ

ይህን የምጽፈው የስልኩ ድምፅ ቀንሶበት ጥገና ቤት ልሄድ ብሎ ለተነሳ ሰው ነው። ትንሽ ቆይ። እኔን «ቆይ» የሚለኝ ሰው አጥቼ ብሬም ሄደ፣ ቀኔም ሄደ፣ ስልኬም የባሰ ሆኖ ተመለሰ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ከአዳማው የፍጥነት መንገድ መግቢያ ብዙም ሳይርቅ። የተከራየኋት ቤት ቆርቆሮ ናት፣ ኮርኒስ የላትም። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው አጠገብ ላጠገብ የተቀመጡ ሰዎች እንኳ ካልጮኹ አይደማመጡም። ቴሌቪዥን የለኝም። ዜናውም፣ ኳሱም፣ ድራማውም በስልክ ነው። እና ግንቦት ላይ የስልኬ ድምፅ እየታፈነ ሲመጣ፣ ሰኔ ከመድረሱ በፊት መላ ማግኘት ነበረብኝ።

ቀላል ቀላሉን በአጭሩ ልበል። አንድሮይድ ላይ የመጥሪያው፣ የሚዲያው፣ የአላርሙና የንግግሩ ድምፅ ለየብቻ ነው። የጎኑን ቁልፍ ተጫኑ፣ ሁሉንም አውጥታችሁ እዩ። ሳምሰንግ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ የሚዲያ ድምፅ ገደብ የሚባል ነገር አለ፤ ልጆች ነካክተውት ሊሆን ይችላል። ብሉቱዙን አጥፉ። ሪስታርት አድርጉ። በቃ።

«ድምፅን በብዙ እጥፍ ይጨምራል» የሚሉትን አፖችም አውርጄ አይቻለሁ። ከድምፁ በላይ የሚጮኸው ማስታወቂያቸው ነው። ብዙዎቹ የሚሠሩት አንድሮይድ ራሱ ከ4.4 እትሙ ጀምሮ በውስጡ ባለው ማጉያ ነው። ሲቀዳ ዝቅ ብሎ ለተቀዳ ነገር፣ ለምሳሌ በቴሌግራም ለሚላክ ስብከት፣ ይረዳሉ። መጀመሪያውኑ ከፍ ብሎ የተቀዳ ከሆነ ግን ከጣሪያው በላይ መውጫ የለውም። ጫፍ ጫፉ ይቆረጥና መሰንጠቅ ይጀምራል። ዝቅ ብሎ ለተቀዳው ቪኤልሲ የሚባለው የቪዲዮና የሙዚቃ ማጫወቻ አፕ ይበቃችኋል። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ እስከ 200 ፐርሰንት ያወጣል። ሒሳቡንም እወቁት፦ ለጆሯችን እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን ድምፁ 10 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ያህል መጨመር አለበት። 10 ዴሲቤል ደግሞ አሥር እጥፍ ኃይል ማለት ነው። ያችን የምታክል ስፒከር ከየት ታመጣዋለች?

አንድ ወዳጄ በኮከብና በመሰላል የሚጀምር ኮድ ላከልኝ። ሚዲያቴክ ቺፕ ባላቸው ስልኮች ላይ፣ ብዙዎቹ ቴክኖና ኢንፊኒክስ ማለት ነው፣ ኢንጂነር ሞድ የሚባለውን የባለሙያ መፈተሻ ገጽ የሚከፍት ነው። እዚያ ገብተው የድምፁን ቁጥር የሚቀይሩ አሉ። አልነካሁትም፣ እናንተም አትንኩት። ስፒከሩ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ይሞቃል። ያኔ የምር ይሞታል።

ከዚህ ሁሉ የጠቀመኝ ኢኳላይዘሩ ነው፤ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ማለቴ ነው። ሰው ሁሉ ቤዝ፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ ይጨምራል፤ እኔ ተቃራኒውን ነው የምለው። የስልክ ስፒከር ቤዝ ማውጣት አይችልም፣ በከንቱ ይለፋል። ጆሯችን ደግሞ በደንብ የሚይዘው ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) አካባቢ ያለውን ነው። ቤዙን ቀንሱ፣ ከ1 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ያለውን ከፍ አድርጉ። ዘፈኑ ይቀጥንባችኋል፣ ዜናው ግን ጥርት ይላል። ስልኩን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ማቆምም ይሠራል። በባዶ ጣሳ አትሞክሩት እንጂ፤ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሌላ ቆርቆሮ መጨመር ነው።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም ድምፁ ያው የታፈነ ነው። መገናኛ ሄድኩ።

ፎቁንም ሱቁንም አልጠራም። ባለሙያው ስልኩን ተቀበለኝ፣ አንድ ዘፈን ከፈተ፣ ጆሮው ላይ ለጠፍ አድርጎ ወዲያው አነሳውና «ስፒከሩ ሞቷል» አለኝ። ኢርፎን ሰክቶ አልሞከረም። ቀዳዳውን በመብራት አላየም። ሐኪም እንኳ ሞተ ከማለቱ በፊት ትንፋሽ ያዳምጣል! «ወንድሜ፣ ኦርጅናል አለኝ፣ አሁኑኑ አስገባልሃለሁ» አለ። ከኋላዬ ወረፋ አለ፣ እኔ ደግሞ ከቱሉ ዲምቱ ታክሲ እየቀያየርኩ ነው የመጣሁት። እሺ አልኩ።

ጀርባውን አሙቆ በፕላስቲክ ካርድ ፈለቀቀው። ብሎኖቹን ፈታ። ከዚያ ከቀዳዳው በስተ ውስጥ የተለጠፈችውን ቀጭን መረብ በወረንጦ ነቅሎ ወለሉ ላይ ጣላት። «ይቺ ናት ድምፅ የምታፍነው፣ አታስፈልግም» አለኝ።

«ቆይ፣ የሞተው ስፒከሩ ነው ወይስ ያፈነችው መረቧ ናት?» አልኩት።

«ሁለቱም።»

ይህን «ሁለቱም» እስካሁን ሳስበው ይበግነኛል። አዲሱን ገጥሞ ሲከፍተው እውነትም ድምፁ ሱቁን ሞላው። መረቡ ተነቅሎ ለምን አይሞላው! ደረሰኝ ስጠይቅ «ደረሰኝ ምን ያደርግልሃል፣ እኔ እዚሁ ነኝ» አለ። ከፈልኩ። አሮጌውን ስፒከር ግን «ስጠኝ» ብዬ ተቀበልኩ። ጋራዥ የሄደ ሰው የተቀየረለትን አሮጌ ዕቃ ሳይቀበል አይወጣም፣ የስልክም ያው ነው። እንደ እብድ እያየኝ በሶፍት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ያቺ ሶፍት ነች ኋላ እውነቱን ያወጣችው።

ከግቢያችን አጥር ማዶ በርና መስኮት የሚሠራ ብረታ ብረት ቤት አለ። ግራይንደሩ ጠዋት ይነሳል፣ ማታ ያርፋል። በከተማው ዳር የሚኖር ሰው ያውቀዋል፤ ሰፈሩ ገና እየተሠራ ስለሆነ በየመንገዱ አንድ መበየጃ ቤት አይጠፋም። ብዙም ሳይቆይ አዲሱ ስፒከር መንጫረር ጀመረ። በተለይ ጎርነን ያለ የወንድ ድምፅ ሲመጣ ይሰነጣጠቃል። ሲብስበት ዜናውን ትቼ የስፒከሩን ኡኡታ ማዳመጥ ሆነ ሥራዬ።

ተመልሼ ሄድኩ። «እዚሁ ነኝ» ያለው ሰው በእርግጥም እዚያው ነበር። ስልኩን ገልበጥ አድርጎ አየና «ውሃ አስነክተኸዋል» አለ። አላስነካሁም አልኩ። «እንፋሎትም ይበቃዋል።» ዋስትናስ? «ስፒከር ዋስትና የለውም፣ ስትወስደው ይሠራ ነበር።» ደረሰኝ የለኝም፣ ምን ብዬ ልሟገት? ይባስ ብሎ ሌላ ስፒከር «በቅናሽ» ላስገባልህ አለኝ። ስልኬን ይዤ ወጣሁ።

ነገሩን የፈታው ሰፈራችን ኮንዶሚኒየም ሥር ቻርጀርና ካቨር የሚሸጥ ልጅ ነው። ጥገናም ይሞክራል፣ ሲሞክር ግን አይቸኩልም። አሮጌውን ስፒከር ከሶፍቱ አውጥቼ ሰጠሁት። ስልኩን ከፍቶ አሮጌውን መልሶ ገጠመና ዘፈን ለቀቀ። ቁልጭ ያለ ድምፅ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አልሞተም» አለኝ። ከዚያ የመገናኛውን «ኦርጅናል» በሌላ ስልክ መብራት አሳየኝ። ፊቱ ላይ ግራጫ ብናኝ እንደ ጃርት እሾህ ቀጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በካቻቢቴ ጫፍ ሲነካው ይተኛና ተመልሶ ይነሳል። የግራይንደሩ ብረት ነው። ስፒከር ውስጥ ማግኔት ስላለ በአየር የሚመጣውን የብረት ብናኝ ይስበዋል። መጀመሪያ ድምፄን ያፈነው መረቡ ላይ የተለጠፈው ይሄው ብናኝ ነበር። መረቡ ሥራውን እየሠራ ነበር ማለት ነው፤ መጠረግ ሲገባው ተነቀለ። ብናኙም በተከፈተለት በር ሰተት ብሎ ገባ። ልጁ ከሞተ ስልክ ላይ መረብ ቆርጦ ለጠፈልኝ፣ አሮጌው ስፒከር እስካሁን እየሠራ ነው።

እና ማንም «ሞቷል» ቢላችሁ ቤታችሁ ይህን ሞክሩ። ኢርፎን ስኩ፤ በኢርፎን ጥርት ካለ ሶፍትዌሩ ጤነኛ ነው፣ ፎርማት ላድርገው የሚላችሁን አትስሙ። ቀጥሎ ዘፈን ከፍታችሁ የስፒከሩን ቀዳዳ በጣታችሁ ድፈኑት። ድምፁ በግልጽ ከቀነሰ ቀዳዳው ክፍት ነው። ብዙም ለውጥ ከሌለው ከእናንተ በፊት ሌላ ነገር ደፍኖታል። ድምፁ ንጹሕ ሆኖ የታፈነ ብቻ ከሆነ ቆሻሻ ጠርጥሩ። ዝቅ አድርጋችሁትም የሚንጫረር ከሆነ ያኔ ስፒከሩን ማየት ያስፈልጋል።

የስልኮቹ መመሪያዎች በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አጽዱ ይላሉ። ለተራ አቧራ ልክ ናቸው። ለብረት ብናኝ ግን ብሩሽ ዋጋ የለውም፤ ታንቀሳቅሱታላችሁ፣ ማግኔቱ መልሶ ይስበዋል። እኔ የምጠቀመው ፕላስተር ነው። ሙጫውን ቀዳዳው ላይ ጫን፣ ነቀል፣ ሌላ ቁራጭ፣ ጫን፣ ነቀል። በፕላስተሩ ላይ የሚወጣውን ስታዩ ትደነግጣላችሁ። መርፌ አታስገቡ፣ መረቡን ትበሱታላችሁ። በአፋችሁም አትንፉ፣ ትርፉ እርጥበት ነው። ዩቲዩብ ላይ ያለው «ስፒከር የሚያጸዳ ድምፅ» ደግሞ ውሃ ለማስወጣት ነው እንጂ ብረት አይነቅልም።

ዝናቡ ሲበረታ ኢርፎን ሰክቶ እስከ ጥግ መክፈት ያምራል። እዚህ ላይ ስልኩ የሚያወጣውን ማስጠንቀቂያ አታጥፉት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚለው በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። 90 ሲደርስ አራት ሰዓት ብቻ ይሆናል። የቆርቆሮ ዝናብ የሚሸፍን ድምፅ ከዚያ በታች የሚሆን አይመስለኝም። እኔ ዝናቡ እስኪያባራ ቪዲዮውን አውርጄ ማቆየት ይሻለኛል።

በጥሪ ላይ የሰው ድምፅ አልሰማ ያላችሁ ደግሞ፣ የእናንተ ጉዳይ ከላይኛው ስፒከር ነው። እያወራችሁ ሳለ የጎኑን ቁልፍ ጨምሩ፤ ካልተሻለ ስክሪን ፕሮቴክተሩ ያችን ቀጭን ክፍተት ሸፍኗት እንደሆነ እዩ። አከራያችን እትዬ ልጃቸውን ሁልጊዜ በላውድ ነበር የሚያወሩት፣ «ስልኩ አርጅቷል» እያሉ። ፕሮቴክተሩ አንድ ጣት ወደ ላይ ወጥቶ ተለጥፎ ነው። ነቅዬ አስተካከልኩላቸው። አሁን ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያወራሉ፤ የዓረብ አገሩን ወሬ የለመደው ግቢ እኔን ተቀይሞኛል።