ዳዊት መድገሙ አዘናግቶኝ ነበር

አባቴ የመንዝ ሰው ነው። ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ብርዱ ነው አልን። መንዝ ላይ ብርድ የማይከሰስበት ነገር የለም። በ2014 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን አምጥቼ አስመረመርኩት። ፓርኪንሰን የሚባል፣ እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል በሽታ ነው ተባለ።

ዶክተሯ በሽታው እያደር የማሰብ አቅምንም ሊነካ እንደሚችል ነገረችኝ። «አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል?» አልኳት። «አንድ ምርመራ ብቻውን አይነግርሽም። ቀድመው የሚታዩ ምልክቶች ግን አሉ። ከዛሬ ጀምረሽ መዝግቢ» አለችኝ። የዚያን ዕለት ማታ ደብተር ገዛሁ።

ማንበብም ጀመርኩ። በ2017 እ.ኤ.አ. ላንሴት ኒውሮሎጂ በሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በሽታው ገና የተገኘባቸውን 390 ሰዎች ለ2 ዓመት ተከታትሏል። ዕድሜ፣ የማሽተት አቅም፣ በእንቅልፍ መራገጥ፣ ከአከርካሪ የሚቀዳ ፈሳሽና የአንጎል ምስል ሲደመሩ የማን አእምሮ ሊዳከም እንደሚችል የተሻለ ይጠቁማሉ። ፈሳሹና ምስሉ ለእኛ ሩቅ ናቸው። የቀሩትን ግን እናቴን መጠየቅ ይበቃ ነበር።

«ሌሊቱን ሙሉ ጅብ ሲያባርር ነው የሚያድረው። አንዴ በክርኑ መትቶኝ ዓይኔ አብጦ ከርሟል» አለችኝ። መቼ ጀመረው? «አንቺ ሳታገቢ!» እጁ ከመንቀጥቀጡ ስንት ዓመት በፊት! ሽታም እንደዚያው። ቡና እየተቆላ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥና «ዛሬ ቡና የለም እንዴ?» ይላል። ዕድሜው ደግሞ 71 ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምልክት ፍርድ እንዳልሆነ፣ ሁሉም እያለበት አእምሮው ሳይደክም ብዙ ዓመት የሚኖር ሰው እንዳለ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ተስፋ ያደረግሁት በዳዊቱ ነበር። በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረውን ዛሬም በቃሉ ይደግማል፤ አንዲት ቃል አይስትም። ታዲያ ምን ሊሆን ይችላል ብዬ ዓመት ያህል ተዘናጋሁ። ለካስ ፓርኪንሰን ላይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነካው የቆየ ትዝታ አይደለም። ትኩረት፣ ነገርን በቅደም ተከተል ማሰብ፣ ርቀትና ቅርፅን በዓይን መለየት ነው። ጠዋት ዳዊቱን ሳይስት የደገመ ሰው ከሰዓት ገበያ ላይ የሦስት በግ ዋጋ መደመር አቃተው። ደብተሬ ላይ መግባት የነበረበት ይሄ ነበር።

ሐኪም ቤት 30 ነጥብ ያለው የወረቀት ፈተና አለ። ሰዓት ሳል፣ ሳጥን ሳል ይላል። እርሳስ ጨብጦ ለማያውቅ ገበሬ ይህ ከባድ ነው። የመጀመሪያው ቀን ውጤቱ ሲያስደነግጠኝ ዶክተሯ «ከሌላ ሰው ጋር አታወዳድሪው። ከስድስት ወር በኋላ ከራሱ ጋር እናወዳድረዋለን» አለችኝ። ከሰማሁት ምክር ሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው።

ቤት ውስጥ ደግሞ በአንድ ደቂቃ ስንት እንስሳ እንደሚጠራ እቆጥር ነበር። በግ፣ ፍየል፣ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ... መጀመሪያ 15 ጠራ። ስህተቴ በየሳምንቱ፣ ያውም እንግዳ ፊት መጠየቄ ነው። አንድ ቀን «ልጄ፣ ተማሪሽ አደረግሽኝ?» አለኝ። ጉልበቱን ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያ ወዲህ በሦስት ወር አንዴ፣ ሁለታችን ብቻ ስንሆን፣ የፓርኪንሰን ኪኒኑ በደንብ በሚሠራበት ሰዓት ነው። የኪኒኑ ኃይል ሲያልቅበት ሐሳቡም ስለሚዘገይ ቁጥሩ ያሳስታል።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ማታ ማታ የሌለ ሰው ያይ ጀመር። ሰውም ያምታታል። ደብተሬ ላይ «ጀመረው» ብዬ ጻፍኩና አለቀስኩ። ዶክተሯ ጋ ስንሄድ መጀመሪያ የጠየቀችው ኪኒኖቹን ነው። ሌላ ቦታ ለመንቀጥቀጡ ትራይሄክሲፌኒዲል ተጨምሮለት ነበር። እሱ መድኃኒት በዕድሜ የገፋን ሰው ሐሳብ እንደሚያደናግር አላውቅም ነበር። በድንገት ማቆም ስለማይቻል እሷ ቀስ በቀስ ቀነሰችለት። በሳምንታት ውስጥ ወደ ራሱ ተመለሰ። አሁን አዲስ ነገር ሳይ ከበሽታው በፊት የማየው ሌላውን ነው፦ አዲስ ኪኒን፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት። የደም ግፊቱንም ተኝቶ፣ ከዚያ ቆሞ 3 ደቂቃ ሲሆነው እለካለሁ። የላይኛው ቁጥር በ20 ከወረደ ለዶክተሯ እደውላለሁ።

ባለፈው ወር 11 እንስሳ ጠራ። ቀንሷል፤ መዝግቤዋለሁ። ገበያ ላይ ገንዘቡን የሚቆጥረው ወንድሜ ነው። የበጉን ዋጋ የሚቆርጠው ግን አሁንም አባቴ ነው።