የሳርዲኑ ዓይን

ቶኪዮ ውስጥ በአንድ ፎቶግራፍ ስቱዲዮ በረዳትነት መሥራት በጀመርኩበት ዓመት 32 ሳርዲን አበላሽቻለሁ። ቁጥሩን የማልረሳው ክራቸውን እየበጠስኩ አንድ በአንድ ያወረድኳቸው እኔው ስለሆንኩ ነው።

አለቃችንን ሁላችንም «ሴንሴይ»፣ በጃፓንኛ «መምህር»፣ እንላቸው ነበር። ሥራቸው ሰው የሌለበት፣ ዕቃው ሁሉ በእጅ ተገጣጥሞና ተደርድሮ የሚነሳ ፎቶግራፍ ነው። በዚህ ዘርፍ ጃፓን ውስጥ ትልቅ ስም ያላቸው ኮን ሚቺኮ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1955 ካማኩራ የተወለዱት እኚህ አርቲስት ከዓሣ፣ ከአበባና ከአትክልት ባርኔጣ፣ ጫማና ልብስ እየሠሩ በጥቁርና ነጭ ያነሳሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ኪሙራ ኢሄይ የተባለውን የፎቶግራፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ሥራቸውን መጀመሪያ ሳየው ዘገነነኝ፤ ቆይቼ ግን ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ቅርፊቱ እንደ ብር ጌጥ ያበራል፣ ነገ ግን ይሸታል። የሚቀረው ፎቶግራፉ ብቻ ነው።

የዚያን ቀን የሚነሳው በሳርዲን የተሸፈነ ረጅም የሴት ጓንት ነበር። የቶኪዮ የዓሣ ጅምላ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2018 ከጹኪጂ ሰፈር ወደ ቶዮሱ ቢዛወርም በጹኪጂ የቀሩ ሱቆች ስላሉ ማለዳ ሄጄ ዓሣውን ገዛሁ። ሴንሴይ ከሰዓት በኋላ ሲመጡ ሁሉም አልቆ ይጠብቃቸው ብዬ ከበረዶው አውጥቼ በጓንቱ ላይ መስፋት ጀመርኩ። ከዚያ መብራት፣ ከዚያ ካሜራ፣ ከዚያ ጥላውን ማስተካከል። ሦስት ሰዓት ሄደ። ቀና ብዬ ሳይ ጥቁር የነበረው ዓይን ወተት ጠብ ያለበት መስሏል፤ ጉብ ያለው ብሌን ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ቅርፊቱ ደርቆ ጣቴ ላይ ይቀራል። ጣና ዳር ነው ያደግኩት፤ ቆሮሶ ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ዓይኑና ስንጥቡ መሆኑን እናቴ በልጅነቴ አስተምራኛለች። በመብራቱ ሥር ግን አንድ ጊዜም ዓይኑን አላየሁትም።

ሴንሴይ ገቡ፣ አዩና መብራቱን አጠፉ። አልተቆጡም፤ ይህ ይበልጥ ከበደኝ።

ካፓባሺ የሚባለው የምግብ ቤት ዕቃ መሸጫ ሰፈር፣ ምግብ ቤቶች መስኮታቸው ላይ የሚደረድሩት አስመስሎ የተሠራ ምግብ ይሸጣል። ቀድሞ ከሰም ነበር፣ ዛሬ ከፕላስቲክ ነው። «ሴንሴይ፣ የፕላስቲክ ዓሣ ብንጠቀምስ? አይበላሽም» አልኳቸው።

«እስቲ አምጪውና እንየው» አሉ።

ማታ አንድ ትኩስ ሳርዲንና አንድ የፕላስቲክ ዓሣ ጎን ለጎን አስቀምጠን አነሳናቸው። በዓይን ሲታዩ የፕላስቲኩ ያምር ነበር። ፎቶግራፉ ላይ ግን ብርሃኑ ላዩ ላይ ቆሟል። የዓሣ ብርማ ቀለም የሚመጣው በቆዳው ውስጥ እንደ ጥቃቅን መስተዋት ከተነባበሩ፣ ጉዋኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ከተሠሩ ቅንጣቶች ነው፤ በእውነተኛው ላይ ብርሃኑ ወደ ውስጥ ገብቶ የሚመለስ ይመስላል።

«ይህኛውን ነገም፣ ከነገ ወዲያም ማንሳት ይቻላል» አሉ ሴንሴይ የፕላስቲኩን እያገላበጡ። ከዚያ ወደ ጓንቱ ወስደው፣ አውራ ጣቱ ላይ አስቀመጡትና «መብራቱን በዚህ አስተካክዪ» አሉኝ።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ የሠራነው በፕላስቲክ ዓሣዎች ነው። የእያንዳንዱን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ፤ ጥላው የት እንደሚወድቅ፣ ሌንሱ የት እንደሚያተኩር፣ ፊልሙ ስንት ሰከንድ ብርሃን እንደሚያገኝ ሁሉም አለቀ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ እንደገና ጹኪጂ ሄድኩ። ዓሣ ሻጩ ፊት ጎንበስ ብዬ 32ቱንም በዓይናቸው መረጥኩ፤ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ከበረዶው አልወጡም።

የፕላስቲኩን እያነሳን እውነተኛውን በቦታው ስንሰፋ ሴንሴይ በትንሿ ጣት፣ እኔ በአውራ ጣት በኩል ነበርን። የምንነጋገረው «መቀስ»፣ «ክር» ብቻ ነው። ከዚያ የካሜራው መዝጊያ ተከፈተ፣ ስምንት ሰከንድ፣ ተዘጋ። ስድስት ጊዜ አነሳን። ለሰባተኛው ፊልሙን ሳስገባ አውራ ጣቱ ላይ ያለው ሳርዲን ዓይኑ መደብዘዝ መጀመሩን አየሁና ነገርኳቸው።

ሴንሴይ ቀርበው አዩትና መብራቱን አጠፉ።