ከፒያሳ እስከ ቅዳሜ ገበያ፦ እሳት ከመዳብ የማያወጣው

ከጎንደር ፒያሳ ቁልቁል ወደ ቅዳሜ ገበያ ስወርድ ዓይኔ ያረፈው የቁራሌ ክምር ላይ ነው፦ የዲናሞ ሽቦ፣ አሮጌ ራዲያተር፣ የቧንቧ ቁልፍ፣ ባዶ ቀልሃ። ሁሉም «መዳብ» ተብሎ አንድ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ጣጣው የሚጀምረውም እዚያው ነው። ቀልሃው 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው። የቧንቧ ቁልፉ ከዚንኩ ሌላ 2 ወይም 3 በመቶ እርሳስ አለበት። ራዲያተሩ የተበየደው በእርሳስና በቲን ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 10 ኪሎ ንጹህ ሽቦ መሃል 100 ግራም የራዲያተር ብየዳ ቢገባ፣ ብየዳው 70 በመቶ እርሳስ ከሆነ፣ መዳቡ 0.7 በመቶ ያህል እርሳስ ያዘ ማለት ነው። ጽና ለማፍሰስ ብዙ አይጎዳም፤ የቃጭል ድምፅ ግን ያደነዝዛል። ግሎ የሚቀጠቀጥ ከሆነማ መዶሻው ሥር ይሰነጠቃል፤ ምክንያቱም እርሳስ መዳብ ውስጥ ስለማይሟሟ በቅንጣቶቹ መሃል ተለይቶ ይቀመጣል፣ በ327 ዲግሪም ይቀልጣል። ምግብ ለሚነካ ዕቃ ጨርሶ አይታሰብም።

ከገበያው ጀርባ ባየሁት ማቅለጫ ከሰሉ በወናፍ ይነዳል። መዳብ 1085 ዲግሪ ላይ ከቀለጠ በኋላ አየር ሲነፋበት ኦክስጅኑ መጀመሪያ የሚይዘው አሉሚኒየምን ነው፤ ከዚያ ዚንክንና ብረትን፣ ቀጥሎ ቲንን። እርሳስ ከሁሉም ይዘገያል፤ እሱን ጠርጎ ለማውጣት የሚሞክር ሰው መዳቡንም አብሮ ያቃጥላል። የተቃጠለው ብረት ከአሸዋ ወይም ከተፈጨ ጠርሙስ ጋር ተዋሕዶ የብረት አር ሆኖ ሲንሳፈፍ ይገፈፋል።

ዚንክ ደግሞ በነጭ ጭስ ይሄዳል። የሚፈላው በ907 ዲግሪ ነው፤ ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ከ20 ዲግሪ በላይ ዝቅ ብሎ ይፈላል። ያንን ጭስ የማገ ሰው ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል። ወተት መጠጣት አያድንም፤ ከነፋሱ ወገን መቆም ነው። ቀልሃው ውስጥ ያልተተኮሰ ጥይት እንዳይኖርም አንድ በአንድ ማየት ግድ ነው። የረጠበ ቁርጥራጭ የቀለጠ መዳብ ውስጥ ከገባ ይፈነዳል፤ የክረምት እርጥብ ከሰል ደግሞ መዳቡን በአረፋ ይሞላዋል።

የተነፋው መዳብ ኦክስጅን ይዞ ስለሚቀር አዲስ የተቆረጠ የባሕር ዛፍ እንጨት ይነከርበታል፤ ከእንጨቱ የሚወጣው ጋዝ ኦክስጅኑን ይወስዳል። መቼ እንደሚበቃ የሚያሳየው ናሙና ነው። ጥቂት ቀድቶ ማፍሰስ፣ ሲረጋ ፊቱን ማየት፦ መሃሉ ከሰረጎደ ኦክስጅን በዝቷል፣ ካበጠ እንጨቱ ከልክ አልፏል፣ ዝርግ ከሆነ ደርሷል። ሲሰበር ውስጡ እንደ ሐር የሚያብለጨልጭ ሮዝ መሆን አለበት፤ የጡብ ቀለም ካሳየ ገና ነው። እኔ ከየትኛውም መሣሪያ ይልቅ ይህን ስብራት አምናለሁ።

ኒኬል በዚህ መንገድ የሚወጣው እምብዛም ነው፤ ወርቅና ብር ጨርሶ አይወጡም። ቢስሙት የሚባለው ብረት ከሁሉም ይከፋል፦ 100 ኪሎ ንጹህ መዳብ ለማሰባበር ጥቂት ግራም ይበቃዋል። እርሳስ የለባቸውም ተብለው በሚሸጡ አንዳንድ አዳዲስ የቧንቧ ቁልፎች ውስጥ በእርሳሱ ፋንታ የገባው እሱ ነው።

ለኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሆን መዳብ የሚገኘው በትልልቅ ማጣሪያዎች ነው። እዚያ ያልጠራው መዳብ የመዳብ ሰልፌትና የሰልፈሪክ አሲድ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ 0.3 ቮልት ገደማ ኮረንቲ ሲሄድበት ኒኬሉ ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል፣ ወርቅና ብሩ ታች ይዘቅጣል፣ ካቶዱ (ኔጋቲቩ ሰሌዳ) ላይ 99.99 በመቶ መዳብ ይለጠፋል። ጎንደር ላይ ንጹህ ሽቦ ያገኘ ሰው ከቧንቧ ቁልፍ ጋር አያቅልጠው፤ ለብቻው ይሽጠው።